በግላይደር መብረር ለመማር፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ የብቻ በረራና ከዚያ በኋላ

ግላይደር የተባለው አውሮፕላን ሞተር ስለሌለው ብቻ ከሰማይ ተምዘግዝጎ አይወርድም። በብዙ የሥልጠና ሜዳዎች የሚታየው ኤ.ኤስ.ኬ 21 የተባለው ባለሁለት መቀመጫ ግላይደር በረጋ አየር አንድ ሜትር በወረደ ቁጥር 34 ሜትር ገደማ ወደ ፊት ይጓዛል። በስሌት ከ1,000 ሜትር ከፍታ ተነስቶ 34 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ጥንቁቅ አብራሪ ግን የዚህን ግማሽ ብቻ ነው የሚያስበው፤ ነፋስ ከፊት ይገጥመዋል፣ ወደ ታች የሚወርድ አየርም በመንገዱ አይጠፋም።

እውነተኛው ልዩነት የሚታየው ወደ መሬት ሲቀርብ ነው። ባለሞተሩ አውሮፕላን አቀራረቡ ካላማረው ጉልበት ጨምሮ ይነሳና ዞሮ ይመለሳል። ግላይደር ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ ይህ ትምህርት ከሌላው የበረራ ትምህርት ይልቅ አስቀድሞ መወሰንን ያስተምራል። የሚከተሉት ደረጃዎችም በቅደም ተከተል የተቀመጡት ይህንኑ እያሰብኩ ነው።

1. ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ጊዜ ይብረሩ

አብዛኞቹ ክለቦችና ትምህርት ቤቶች ለአዲስ ሰው የሙከራ በረራ ያዘጋጃሉ። እርስዎ ከፊት፣ አሠልጣኙ ከኋላ ይቀመጣል። የዚህ በረራ ጥቅም ከሽርሽር ያለፈ ነው፤ ሆድዎ በተደጋጋሚ መዞርን ይችል እንደሆነ ያዩበታል። ባዶ ሆድዎን አይሂዱ፣ ከመጠን በላይም አይብሉ። ማቅለሽለሽ ከጀመረዎት ዓይንዎን ከመሣሪያዎቹ አንስተው ወደ ሩቁ አድማስ ይላኩና ወዲያው ለአሠልጣኙ ይንገሩ። ብዙዎችን በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ያስቸገረው ነገር ሰውነት ሲለምድ ይተዋቸዋል።

ክብደትዎንም ይወቁ። እያንዳንዱ ግላይደር በኮክፒቱ (በአብራሪው መቀመጫ ክፍል) ውስጥ የክብደት ገደብ የተጻፈበት ሰሌዳ አለው። ለምሳሌ በኤ.ኤስ.ኬ 21 የፊት መቀመጫ ብቻውን የሚበር ሰው ፓራሹቱን ጨምሮ ከ70 ኪሎ ግራም ማነስ፣ ከ110 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። ቀላል ሰው ተጨማሪ የብረት ክብደት ይታሰርለታል። ከገደቡ በላይ ለሆነ ሰው ግን የይለፍ መንገድ የለም፤ በዚህ ጉዳይ «ትንሽ ነው፣ ምንም አይልም» የሚል አሠልጣኝ ካጋጠመዎት ሌላ ሜዳ ይፈልጉ።

2. ትምህርት ቤት ወይስ ክለብ?

ትምህርት ቤቱ ደመወዝተኛ አሠልጣኞች አሉት፤ በሥራ ቀንም ይበራል፤ በቀጠሮ መጥተው፣ በርረው፣ ከፍለው ይሄዳሉ። ክለቡ የአባላቱ ነው። አሠልጣኞቹ በአብዛኛው በፈቃደኝነት ይሠራሉ፣ በረራው ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። በክለብ የሚቆጥቡትን ገንዘብ በጊዜ ይከፍሉታል፦ ጠዋት የአውሮፕላን ማደሪያው፣ ሃንጋሩ፣ ሲከፈት ይደርሳሉ፣ የሰው ግላይደር ሲገፉ ይውላሉ፣ ለራስዎ አንድ ወይም ሁለት አጭር በረራ ያገኛሉ፣ ማታ ሃንጋሩን ዘግተው ይወጣሉ።

ይህ ልማድ ሥር አለው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ስምምነት ጀርመንን በባለሞተር አውሮፕላን ላይ ሲያስራት፣ መብረር የሚወዱ ወጣቶች ወደ ሞተር አልባው ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1920 ዋሰርኩፐ በተባለው ተራራ ላይ የመጀመሪያውን ውድድር አካሄዱ። አንዱ እንዲበር ብዙዎች ገመድ መጎተትና መሸከም ነበረባቸው። ዛሬም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም፤ ግላይደር ብቻውን የሚያስነሳ ሰው የለም።

እንደ እኔ ሐሳብ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሙሉ ዕረፍት ያለው ሰው በትምህርት ቤት ጀምሮ ለብቻ በረራ ሲቃረብ ወደ ክለብ ቢዛወር ይጠቀማል። ያን ያህል ጊዜ የሌለው በቀጥታ ክለብ ይግባ፣ ግን በየሳምንቱ ይምጣ። በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ሠልጣኝ የረሳውን መልሶ ሲማር ወቅቱ ያልቅበታል።

ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ ባለሁለት መቀመጫ ግላይደር ስንት አለ? በአንድ የበረራ ቀን ስንት አሠልጣኝ ይገኛል? የትምህርቱ ሂደት በጽሑፍ ተቀምጦ በየበረራው ይፈረምበታል? በየቀኑ አሠልጣኝ ይለዋወጣል? አውሮፕላን ቢጎዳ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን ማን ይከፍላል? መልሱን ካገኙ በኋላ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ሜዳው ዳር ቆመው ይመልከቱ። በጥሩ ሜዳ ማንም ሰው፣ የትናንት ጀማሪም ቢሆን፣ አንድ የተበላሸ ነገር አይቶ «ቁም!» ሲል ግላይደሩን የሚያስነሳው ገመድ ይለቀቃል፣ ሁሉም ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ምክንያቱ ይጠየቃል። ሰውየው በከንቱ አስቁሞ ከሆነ እንኳ የሚገሥጸው የለም። ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ስለ ክለቡ ጠባይ የሚናገረው ይህ ነው።

3. ወረቀቱ

ደንቡ እንደየአገሩ ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብም ሆነ በአሜሪካ ሠልጣኝ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ብቻውን መብረር፣ ከ16 ዓመቱ ደግሞ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። አውሮፓ የሕክምና ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ አሜሪካ ከግላይደር አብራሪ የሕክምና ማረጋገጫ ሳትጠይቅ፣ የሚያውቀው የጤና እክል ካለ እንዳይበር ኃላፊነቱን ለራሱ ትተዋለች። የአውሮፓው ፈቃድ ቢያንስ 15 ሰዓት ሥልጠናና 45 መነሳትና ማረፍ ይፈልጋል። እነዚህ ዝቅተኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ ይወስድበታል፣ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። የበረራ መዝገብዎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው በንጽሕና ይያዙ። ንድፈ ሐሳቡን ደግሞ አየሩ በማያስበርርባቸው ወራት ይጨርሱት፤ ፀሐይ በወጣ ቀን መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ የሚያንገበግብ ነገር ነው።

4. መጀመሪያ መሬት ላይ ይማሩ

ለመብረር ተራ ሳይደርስዎት ሥራ ይደርስዎታል። አውሮፕላኑ የት ቢገፋ እንደማይጎዳ አሳዩኝ ብለው ይጠይቁ። የክንፉ የፊት ጠርዝ መገፋት ይችላል፤ የኋላው ጠርዝ ግን ስስ ነው፣ በዚያ በኩል ያሉትን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች አይንኩ። የኮክፒቱን ግልጽ ክዳን ከፍተው ትተው አይሂዱ፤ አንድ የነፋስ ምት መልሶ ቢጥለው ይሰነጠቃል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። በተጨማሪም ፀሐይ በዚያ ጠምዛዛ ክዳን ውስጥ ስታልፍ ጨረሯ ተሰብስቦ መቀመጫ ሊያቃጥል ይችላል።

ከዚያ የክንፍ ጫፍ ይዞ መሮጥን ይማራሉ። ግላይደር በአንድ ዋና ጎማ ላይ ስለሚቆም አንደኛው ክንፉ መሬት ላይ ተጋድሞ ነው የሚጠብቀው። እርስዎ ክንፉን ቀና አድርገው ይይዛሉ፣ ከፊትም ከኋላም ከላይም የሚያርፍ አውሮፕላን አለመኖሩን ያያሉ፣ ምልክት ይሰጣሉ፣ ከዚያ ጥቂት እርምጃ አብረው ይሮጣሉ። ክንፉን አይግፉ፣ ወደ ኋላም አይጎትቱ፤ መሪነቱ የአብራሪው ነው። የገመድ ቀለበቱን በመንጠቆው ሲያስገቡም አብራሪው ዝግጁ መሆኑን ከአፉ ሳይሰሙ አያስገቡ።

ለራስዎ ሰፊ ጠርዝ የሌለው ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽርና ብዙ ውኃ ይያዙ። ሰፊ ጠርዝ ያለው ኮፍያ አሻግሮ ማየትን ይከለክላል፤ ውኃ ያጣ አእምሮ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ክፉኛ ይሳሳታል።

5. ኮክፒቱን ዓይንዎን ጨፍነው ይወቁት

በጉልበቶችዎ መካከል የመንጃ ዘንግ፣ በእግሮችዎ ሥር የጭራውን መሪ የሚያዞሩ ፔዳሎች አሉ። ሌሎቹ እጀታዎች በቀለም ይለያሉ፦ ቢጫው ገመድ መልቀቂያ፣ ሰማያዊው የአየር ፍሬን (ከክንፉ ላይ ተነስቶ አውሮፕላኑን ቶሎ የሚያወርደው ክፍል)፣ አረንጓዴው የአፍንጫ ሚዛን ማስተካከያ፣ ቀዩ በአደጋ ጊዜ ክዳኑን መጣያ። መሬት ላይ ተቀምጠው ዓይንዎን ጨፍነው እያንዳንዱን በእጅዎ ያግኙ። በፍጥነት ጊዜ ቢጫውንና ሰማያዊውን ያደባለቀ እጅ ያልታሰበ ነገር ያደርጋል።

ከመነሳትዎ በፊት የሚደረገውን ፍተሻ ጮክ ብለው፣ እየነኩ ያድርጉት፦ መቆጣጠሪያዎቹ በነፃነት ይንቀሳቀሳሉ፤ ክብደቱ በገደቡ ውስጥ ነው፤ ቀበቶ ታስሯል፤ መሣሪያዎቹ በቦታቸው ናቸው፤ ሚዛኑ ተስተካክሏል፤ ክዳኑ ተቆልፏል፣ ወደ ላይ ገፍተውም አረጋግጠዋል፤ የአየር ፍሬኑ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ተዘግቶ ተቆልፏል። ይህ የመጨረሻው በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በደንብ ያልተቆለፈ ፍሬን በመነሳት ላይ ተስቦ ይከፈታል፣ አውሮፕላኑም መውጣት ያቅተዋል፣ አብራሪው ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በመጨረሻ «ገመዱ አሁን ቢበጠስ ምን አደርጋለሁ?» የሚለውን በዕለቱ ነፋስና በዕለቱ ሜዳ ልክ ለራስዎ ይመልሱ።

6. በአየር ላይ የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች

ከፊትዎ፣ በክዳኑ ላይ፣ በፕላስተር የተለጠፈች አንዲት የሱፍ ክር ያያሉ። በኮክፒቱ ውስጥ ካሉት ውድ መሣሪያዎች ሁሉ ይልቅ ለጀማሪ የምትጠቅመው እርሷ ናት። አውሮፕላኑ ወደሚሄድበት ቀጥ ብሎ ከሆነ ክሯ በመካከል ትተኛለች፤ ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ ከሆነ ጫፏ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ጫፏ ወደ ግራ ከሸሸ የቀኝ ፔዳል፣ ወደ ቀኝ ከሸሸ የግራ ፔዳል ይጫኑ።

ፔዳሉ የሚያስፈልገው ክንፉ ረጅም ስለሆነ ነው። ኤ.ኤስ.ኬ 21 ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ሜትር ነው። ዘንጉን ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ የሚነሳው የግራ ክንፍ ተጨማሪ የአየር ተቃውሞ ስለሚገጥመው አፍንጫው ለአፍታ ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ግራ፣ ይሸሻል። እጅና እግር አብረው ካልሠሩ አውሮፕላኑ እየተንሻፈፈ ይበራል፣ ከፍታም ይባክናል። መኪና መንዳት የለመደ ሰው እጁ ብቻ እንዲሠራ ይፈልጋል፤ እግሩን ለማንቃት ብዙ በረራ ይወስድበታል።

ፍጥነትን በመለኪያው መርፌ አያሳድዱ። አፍንጫው ከአድማሱ አንጻር የት እንዳለ ይመልከቱ፤ እርሱ ከረጋ ፍጥነቱም ይረጋል። ከመዞርዎ በፊት ሁልጊዜ ወደሚዞሩበት ወገን ይመልከቱ።

ቀጥሎ ክንፉ አየርን መሸከም የሚያቅተውን ሁኔታ፣ ስቶልን፣ በበቂ ከፍታ ሆነው ይለማመዳሉ። ዘንጉን ጎትተው አፍንጫው ከመጠን በላይ ሲነሳ የአየሩ ድምፅ ይቀንሳል፣ መቆጣጠሪያዎቹ ይልፈሰፈሳሉ፣ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ዘንጉን ወደ ፊት ማላላት ነው። አንደኛው ክንፍ ቀድሞ ከወደቀ ስፒን፣ ማለትም እየተሽከረከሩ መውረድ፣ ሊከተል ይችላል። መውጫው ይህ ነው፦ በተለምዶ ዘንጉን በግራና ቀኝ መካከል ማድረግ፣ ከሽክርክሩ ተቃራኒ ያለውን ፔዳል እስከ መጨረሻው መጫን፣ ዘንጉን ወደ ፊት ማስኬድ፣ ሽክርክሩ ሲቆም ፔዳሉን ወደ መካከል መልሶ በቀስታ ማቅናት። የአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ የተለየ ነገር ካዘዘ እርሱ ይቀድማል። ይህን ክፍል እያለሳለሰ የሚያልፍ አሠልጣኝ ውለታ አልዋለልዎትም።

7. መነሳት፦ በጎታች አውሮፕላን ወይም በዊንች

በጎታች አውሮፕላን ሲነሱ ግላይደሩ ቀድሞ ከመሬት ይለቃል። ያን ጊዜ ከፍ እንዲል አይፍቀዱለት፤ ጎታቹ እስኪነሳ ድረስ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብለው ይቆዩ። ከጎታቹ በላይ በጣም ከወጡ ገመዱ የጎታቹን ጭራ ወደ ላይ ስቦ አፍንጫውን ወደ መሬት ይመልሰዋል፤ ይህ መሬት አጠገብ ከሆነ የፊተኛው አብራሪ የሚድንበት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ጎታቹ ከዓይንዎ ከተሰወረ ወይም ቁጥጥሩ ከእጅዎ ከወጣ፣ ሳያመነቱ ቢጫውን ይሳቡ። ጎታቹ ክንፎቹን ወዲያና ወዲህ ካወዛወዘ «አሁኑኑ ልቀቅ» ማለቱ ነው። የጭራ መሪውን ካወዛወዘ ግን «የአየር ፍሬንህን ተመልከት» ማለቱ ነው። ሁለቱን አደባልቆ ገመድ መልቀቅ ዝቅታ ላይ ሆነው ራስን ችግር ውስጥ መክተት ነው።

ዊንች ከሜዳው ማዶ ሆኖ ገመድ የሚጠቀልል ኃይለኛ ሞተር ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ገመድ ያለው ሜዳ ከ300 እስከ 500 ሜትር ያወጣዎታል። በሰከንዶች ውስጥ ፍጥነት ያገኛሉ፣ ከዚያ አፍንጫው ወደ ሰማይ ያቀናል። ግራ እጅዎ ከቢጫው መልቀቂያ አይራቅ። ገና መሬት ላይ እየሮጡ አንዱ ክንፍ መውደቅ ከጀመረና ወዲያው ማቃናት ካልቻሉ፣ ክንፉ መሬት ሳይነካ ይልቀቁ። እየወጡ ሳለ ገመዱ ቢበጠስ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ ያድርጉ፤ ፍጥነቱ እስኪመለስ ይጠብቁ፤ ከዚያ ብቻ ከፊትዎ ለማረፍ ቦታ እንዳለ ይዩ። ቦታ ካለ ቀጥታ ይረፉ። ፍጥነት ሳይመለስ መዞርም ፍሬን መክፈትም ክልክል ነው። አሠልጣኝዎ ሳያስጠነቅቅ ገመዱን እየለቀቀ ይፈትንዎታል፤ ቢያናድድዎትም ይፍቀዱለት።

8. ማረፍ

ሥልጠናው የሚፈተነው እዚህ ነው። ከ200 እስከ 300 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ወደ ሜዳው ጎን ይመጡና የማረፊያውን ዙር ይጀምራሉ፦ ከነፋሱ ጋር በሜዳው ጎን፣ ከዚያ በማቋረጥ፣ ከዚያ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ወደ መንደርደሪያው። በእነዚህ ደቂቃዎች ከፍታ ገንዘብ ነው፤ አንዴ ካወጡት የሚያበድርዎት የለም።

የከፍታ መለኪያውን ብቻ አይመኑ፤ ሌላ ሜዳ ላይ ሲያርፉ የመሬቱን ከፍታ አያውቀውም። ሜዳውን የሚያዩበትን ማዕዘን ዓይንዎን ያስለምዱት፤ በጣም ጠፍጣፋ ሆኖ ከታየዎት ርቀዋል ወይም ዝቅ ብለዋል፣ ወዲያው ጠጋ ይበሉ። ፍጥነት መለኪያው ላይ ያለው ትንሽ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ዝቅተኛውን የአቀራረብ ፍጥነት ያሳያል፤ ነፋስ ካለ የነፋሱን ፍጥነት ግማሽ ይጨምሩበት።

የመጨረሻውን ዙር ከ100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ እያለዎት ይጨርሱ። ብዙ የከፋ አደጋ የሚደርሰው እዚህ ነው። አብራሪው ዝቅ ብሏል፤ መሬቱ ስለቀረበው ክንፉን ማዘንበል ይፈራል፤ ስለዚህ በፔዳል ብቻ ሊያዞረው ይሞክራል፣ አፍንጫውንም ሳያውቅ ይጎትታል። ለስፒን ከዚህ የተመቻቸ ነገር የለም። በቂ ፍጥነት ይዘው ክንፉን በድፍረት ያዘንብሉ፣ ክሯን በመካከል ያቆዩ።

ወደ መንደርደሪያው ፊት ለፊት ከዞሩ በኋላ መሬት ላይ አንድ ነጥብ ይምረጡ። ፍጥነትዎ ሳይለወጥ ነጥቡ በክዳኑ ላይ ወደ ላይ ከሸሸ አይደርሱም፣ ፍሬኑን ይቀንሱ፤ ወደ ታች ከሸሸ ያልፉታል፣ ፍሬኑን ይጨምሩ። ጥሩ አቀራረብ ፍሬኑ ግማሽ ያህል ተከፍቶ የሚመጣ ነው፤ በሁለቱም ወገን ማስተካከያ ይቀርልዎታል። ከመጠን በላይ ከፍ ካሉ ደግሞ አውሮፕላኑን በጎኑ ማንሸራተት አለ። ይህን ልምድ የናቀ ሰው የካናዳን ታሪክ ያስታውስ፦ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1983 ነዳጁ በአየር ላይ ያለቀበት የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ጊምሊ በተባለ አሮጌ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ ሲያርፍ፣ ካፒቴኑ ቦብ ፒርሰን የግላይደር ልምዱን ተጠቅሞ ያን ግዙፍ አውሮፕላን በጎኑ አንሸራቶታል። የሞተ ሰው አልነበረም።

መሬት ከነኩ በኋላም አልጨረሱም። አውሮፕላኑ እስኪቆም ክንፎቹን ቀና አድርገው ቀጥታ ይሂዱ። ለመግፋት እንዲቀል ብሎ ወደ ሃንጋሩ ማጠፍ የስንፍና ልማድ ነው።

9. የብቻ በረራ

ቀኑን አሠልጣኙ ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም ሳይነግርዎት ከኋላ ወንበር ይወርዳል። አንድ ነገር ብቻ ይወቁ፦ የኋላው ሰው ሲቀነስ አውሮፕላኑ ቀሎ በፍጥነት ይነሳል፣ የአፍንጫው ሚዛንም ይለወጣል። ካልተዘጋጁ «ዛሬ አይሆንልኝም» ይበሉ። ማንም አይቀየምዎትም።

10. በአየር ላይ መቆየት

ፀሐይ መሬቱን እኩል አታሞቀውም። የታረሰ ደረቅ መሬት፣ ድንጋያማ ቁልቁለትና መንደር ከአረንጓዴው መስክ ቀድመው ይሞቃሉ፣ በላያቸው ያለው አየርም ተነስቶ ቴርማል ይሆናል። ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ጥጥማ ኩሙለስ ደመና ይሠራል። ሥሩ ጠፍጣፋና ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ የጠራ ደመና ገና በመሥራት ላይ ነው፤ ጠርዙ የተበጣጠሰው ግን እየሞተ ነው፣ አይድከሙለት። አሞራ ክንፉን ሳያራግብ እየዞረ ከወጣ ሳይጠራጠሩ ይከተሉት።

አንደኛው ክንፍ ሲነሳ ከተሰማዎት ወደዚያው ወገን ይዙሩ። የመውጣትና የመውረድ መለኪያው፣ ቫሪዮሜትሩ፣ ጥቂት ይዘገያል፤ ወንበርዎ ቀድሞ ይነግርዎታል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብለው ይዙሩ፤ ጀማሪ ሁልጊዜ ማዘንበሉን ያሳንሳልና ዙሩ ሰፍቶ ከሚወጣው አየር ውጭ ይወድቃል። በቴርማሉ ውስጥ ሌላ ግላይደር ካለ እርሱ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ይግቡ። በተራራ ጥግ ሲበሩ ደግሞ ሁልጊዜ ከተራራው ወደ ውጭ ይዙሩ። ከተራራ ጀርባ የሚነሳውን የነፋስ ማዕበል ለጊዜው ይተዉት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ፐርላን 2 የተባለውን ግላይደር በአርጀንቲና ሰማይ ከ22,000 ሜትር በላይ ያወጣው እርሱ ነው፣ ግን ኦክስጅንና ብዙ ልምድ ይጠይቃል።

ቀጣዩ ግብ የዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን የብር ባጅ ነው፦ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ 1,000 ሜትር ከፍታ መጨመር፣ አምስት ሰዓት በአየር ላይ መቆየት። በርቀቱ በረራ ሜዳዎ ላይ ሳይደርሱ በሰው ማሳ ማረፍ ሊመጣ ይችላል፤ በዚህ ስፖርት የተለመደ ነው። ገና 600 ሜትር ላይ እያሉ ማረፍ የሚቻልበትን አካባቢ ይምረጡ፣ 300 ሜትር ላይ አንዱን ማሳ ወስነው ሐሳብ አይቀይሩ። ተዳፋት ከሆነ ሽቅብ ይረፉ፤ ረጅም ሰብል ያለበትን ይሽሹ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከሩቅ ስለማያዩት ምሰሶዎቹን ይፈልጉ። ካረፉ በኋላ መጀመሪያ ለክለቡ ደውለው ደህና መሆንዎን ይንገሩ፤ ቀጥሎ የማሳውን ባለቤት ፈልገው ይቅርታ ይጠይቁ፣ ግላይደሩን የሚወስደው ተጎታች ጋሪ በየት በኩል ቢገባ ሰብሉን እንደማይጎዳ እርሱ ያሳይዎት።